ላይሶዛይም፦ የእንባና የእንቁላል ኢንዛይም

እንቁላል ሲሰበር አስኳሉን ከቦ የሚወጣው ዝልግልግ ነገር አብዛኛው ውሃ ነው። ከውሃው ቀጥሎ በብዛት ያለው ፕሮቲን ነው። ከነዚያ ፕሮቲኖች አንዱ ላይሶዛይም ይባላል፤ ኢንዛይም ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። በእንባ፣ በምራቅና በጡት ወተትም ውስጥ አለ። ሥራው የባክቴሪያን ግድግዳ መቁረጥ ነው።

ያገኘው ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሲሆን፣ ግኝቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ነገሩ የጀመረው በንፍጥ ነው። ጉንፋን ይዞት ሳለ የራሱን ንፍጥ ባክቴሪያ ባለበት ሳህን ላይ ቢያደርግ፣ በአካባቢው ያሉት ባክቴሪያዎች ሟሙ። ቀጥሎ እንባ አስፈለገው። ለዚህም የባልደረቦቹ ዓይን ውስጥ ሎሚ ይጨመቅ ነበር። ምናለ ሽንኩርት ቢያስከትፋቸው!

የዶሮ እንቁላል ላይሶዛይም 129 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) በክር እንዳለ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ግን ተዘርግቶ አይቀመጥም። ከፊሉ እንደ ስፕሪንግ ይጠመዘዛል፤ ከፊሉ ጎን ለጎን ይደረደራል። ውሃ የማይወዱት ዶቃዎች ወደ ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ የሚወዱት ውጭ ይቀራሉ። አራት የሰልፈር ድልድዮች ደግሞ ቅርጹን ጥብቅ አድርገው ይይዙታል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ውስጥ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ዴቪድ ፊሊፕስና ባልደረቦቹ ይህን ቅርጽ በኤክስሬይ አወጡት። የአንድ ኢንዛይም አቶሞች የት የት እንደተቀመጡ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ነገር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፦ በጎኑ በኩል ጠለቅ ያለ ስንጥቅ አለው።

የባክቴሪያ ግድግዳ ዋናው ማገር የስኳር ሰንሰለት ነው። ከሰንሰለቱ ስድስት ስኳሮች ስንጥቁ ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ። እዚያ ሁለት አሚኖ አሲዶች ይጠብቋቸዋል፦ 35ኛው ግሉታሚክ አሲድና 52ኛው አስፓርቲክ አሲድ። ክሩ ላይ ሲቆጠር ይራራቃሉ፤ መታጠፉ ግን ፊት ለፊት አገናኝቷቸዋል። 35ኛው ፕሮቶን ሰጥቶ በአራተኛውና በአምስተኛው ስኳር መካከል ያለውን ማያያዣ ይበጥሳል። 52ኛው የተቆረጠውን ጫፍ ለቅጽበት ይይዘዋል። ከዚያ አንድ የውሃ ሞለኪውል ገብቶ ያስለቅቀዋል። ኢንዛይሙ ምንም ሳይጎድልበት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ግድግዳው የሳሳበት ባክቴሪያ ደግሞ ውሃ ገብቶበት ይፈነዳል።

ቅርጹ ከፈረሰ ሥራው የለም። እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥቂት አለፍ ብሎ ነጩ መርጋት ይጀምራል። ሙቀቱ የታጠፉትን ሰንሰለቶች ይፈታቸዋል፤ የተፈቱት እርስ በርስ ይተበተባሉ። ዶቃዎቹ ያው ናቸው፣ አንዱም አልጠፋም። ሆኖም የተጠበሰው ቢቀዘቅዝም ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። ላይሶዛይም ከብዙዎቹ ጓደኞቹ ይልቅ ሙቀት ቢችልም፣ በደንብ ከበሰለ እሱም እጅ ይሰጣል።

ለሕክምና ግን ብዙም አልሆነም። ብዙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ይቋቋሙታል፤ አንዳንዶቹ ከግድግዳቸው በላይ ሌላ ሽፋን ደርበዋል። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ሲያገኝ፣ ያ መድኃኒትም የሚያነጣጥረው እዚያው ግድግዳ ላይ ነበር። ልዩነቱ ፔኒሲሊን ራሱ አይቆርጥም። ግድግዳውን የሚገነባው የባክቴሪያው ኢንዛይም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተጣብቆ ይቀራል።