ብሎወር ሞተር ምንድን ነው? ሲጮህስ እንዴት ይቀየራል?

ብሎወር ሞተር ከዳሽቦርዱ ሥር ተቀምጦ አየር ወደ መኪናው ውስጥ የሚገፋው ማራገቢያ ነው። ራሱ አያቀዘቅዝም፣ አያሞቅም። ማቀዝቀዙ የኮምፕረሰሩና የጋዙ፣ ማሞቁ ደግሞ ከመኪናው ሞተር የሚመጣው የሙቅ ውኃ ሥራ ነው። ብሎወሩ በ12 ቮልት የሚዞር ባለ ካርቦን (ከረንት ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሱ ቁራጮች ያሉት) ትንሽ ሞተር ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ቀጫጭን የፕላስቲክ ክንፎች ዙሪያውን የተደረደሩበት ከበሮ መሳይ ጎማ ተሰክቶበታል።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ኤሲ ምን ያደርግልናል?» የሚል ባለመኪና ብዙ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሞቃታማው ባቲ የሚወርድ ሰው እንዲህ አይልም። ግን ለደሴም ቢሆን አያስኬድም። በክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ሲወርዱ፣ አራት ሰው የተሳፈረበት መኪና የፊት መስታወቱ ወዲያው እንፋሎት ይይዛል፤ የሚያጠራው ይኸው ብሎወር ነው። በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ እነዚያን ኩርባዎች መውረድ አይመከርም።

ጩኸቱ በርግጥ የብሎወሩ መሆኑን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የመኪናውን ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉና ማራገቢያውን ከ1 እስከ 4 ከፍ ያድርጉ። ጩኸቱ አብሮ ከጨመረ ብሎወሩ ነው። ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚሰማና ነዳጅ ሲሰጡት የሚጨምር ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ቺንጋው ወይም የኮምፕረሰሩ ኩሽኔታ ነው የሚጮኸው። ይህን ሳይለዩ ጋዝ ማስሞላት ገንዘብ መበተን ነው።

የድምፁ ዓይነትም ይናገራል። ጠቅ ጠቅ እያለ ፍጥነቱን የሚከተል ድምፅ ብዙውን ጊዜ የገባ ቅጠል ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ወንፊት ሾልኮ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ብሎወሩን አውርዶ ማጽዳት ይበቃል፤ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ዳሽቦርዱን የሚያንቀጠቅጥ ጉርምርምታ ከጎማው ክንፍ አንዱ መሰበሩን፣ ወይም አይጥ ጎጆ መሥራቷን ያመለክታል። ጠዋት ጠዋት ሲጢጥ ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋው ደግሞ የደረቀ ቡሽ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ነው፤ እንዲህ ሲሆን ነው ብሎወሩ መቀየር ያለበት።

እዚህ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው። ለጥቂት ሳምንት ዝም ያሰኘዋል። ነገር ግን የተረፈው ዘይት ወደ ካርቦኖቹ ወርዶ ከካርቦን ብናኝ ጋር ይቦካል፤ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ሞተሩም ይከብዳል። የከበደ ሞተር ብዙ ከረንት ይስባል። ከዚያ የማራገቢያውን ፍጥነት የሚቀንሰው ሪዚስተር ይቃጠላል፣ ስፒናው (የሽቦው መሰኪያ) ይቀልጣል። ባልቦላው (ፊውዙ) ሲበጠስ ከተጻፈበት አምፒር በላይ የሆነ መተካት ወይም በሽቦ ማሰር እሳት መጥራት ነው።

ዕቃ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም። የስፒናውን ቅርጽና የሽቦውን ብዛት፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ፣ የጎማውን ስፋትና ቁመት ጎን ለጎን ያስተያዩ። የሚዞርበትንም አቅጣጫ ይመልከቱ፤ መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ በተቃራኒ የሚዞር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጎማ ወደ ኋላ ሲዞርም አየር ይሰጣል፣ ግን በጣም ደካማ፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ስህተቱን ሳያውቅ «ዕቃው አይረባም» ይላል። ያገለገለ ከሆነ ዘንጉን በጣት ወደ ጎን ያወዛውዙት፤ ከተነቃነቀ ይተዉት።

ማውረዱ በብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች ላይ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ዳሽቦርዱ ካልወረደ የማይደረስባቸው መኪኖችም አሉ፤ የእጅ ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ይህን ያጣሩ። ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፍቱና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ በተሳፋሪው በኩል ኤርባግ ስላለ ቢጫ ስፒናዎችን አይንኩ። የዳሽቦርዱን ኪስ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ ጨምቀው ያውርዱ። ሞተሩ ከሥር ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይታያል። የስፒናውን ምላስ ተጭነው ይንቀሉ፤ ሽቦውን አይጎትቱ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ብሎኖች ናቸው፤ አንዱ በሞተር ክፍሉ በኩል ተደብቆ አጭር ካቻቢቴ ይጠይቃል። ሦስተኛው ሲፈታ ሞተሩ ስለሚወድቅ በአንድ እጅ ይደግፉት። ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ካለችው ሲመልሱ አይርሷት፤ ሞተሩን የምታቀዘቅዘው እሷ ናት።

አዲሱ ሞተር ያለ ጎማ ከመጣ አሮጌውን ጎማ ማዛወር ይቻላል፤ መጀመሪያ ዘንጉ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጠ ይለኩ፣ በመዶሻም አይምቱት። በክንፎቹ ላይ አንድ ሁለት ትንንሽ የብረት ቅንጥቦች ያያሉ። ቆሻሻ አይደሉም፤ ጎማው ሳይንቀጠቀጥ እንዲዞር በፋብሪካ የተደረጉ ሚዛኖች ናቸው። ሲያጸዱ የሚነቅሏቸው ብዙ ናቸው፤ ከዚያ አዲስ ሞተር ገብቶም ጉርምርምታው ይቀጥላል።

ቤቱን በእጅ ባትሪ እያዩ ቅጠሉንና አቧራውን ይጥረጉ፣ ሞተሩን ያስገቡ፣ ሦስቱን ብሎኖች በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ። አንዱን ብቻ ካጠበቁ ሞተሩ ይዘምና ጎማው ግድግዳውን ይፍቃል። ኪሱን ሳይመልሱ ባትሪውን አገናኝተው አራቱንም ፍጥነት ይሞክሩ። 4 ላይ ብቻ ከሠራ ሪዚስተሩ ቀድሞ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ እሱም ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ነው።

በመጨረሻ የኤሲውን ፊልትሮና ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለውን ወንፊት ይመልከቱ። ፊልትሮው ከሌለ፣ ወይም ወንፊቱ ተሰብሮ ከሆነ፣ ቀጣዩ ቅጠል የሚገባው አዲሱ ሞተር ላይ ነው።