«ስንት ጊጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ ካርድ አያወዳድርም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ሰው የሁለት ግራፊክስ ካርዶችን (ለኮምፒውተር ምስል የሚሠሩ ካርዶችን) ፎቶ በስልኩ ይዞ ይመጣና «የትኛው ይሻላል?» ይለኛል። መልሱን ግን አስቀድሞ ወስኖ ነው የሚመጣው፤ ካርቶኑ ላይ የጊጋው ቁጥር፣ ማለትም የካርዱ ሚሞሪ መጠን፣ የበዛው በእርሱ ዘንድ አሸናፊ ነው። ይህ እምነት የስንቱን ገንዘብ እንደበላ ስላየሁ ዛሬ በዝርዝር ልጻፍበት።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት ከደብረ ሲና ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም፤ ካርዱንማ ገና አሁን ነው ያሳደግሁት» አለኝ። የነበረው ካርድ ባለ 2 ጊጋ ጂቲኤክስ 1050 ነበር። አንድ ነጋዴ «በ2 ጊጋ ዛሬ ማን ይሠራል?» ስላለው ልጁ ያንን ሰጥቶ፣ ገንዘብም ጨምሮ፣ ባለ 4 ጊጋ ጂቲ 730 ወስዷል። ኮምፒውተሩን አስነሥቼ ሥራውን ከፈትሁት። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ የሚያሳየው ቦታ ላይ ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፣ እልልታው ይሰማል፣ ምስሏ ግን አንድ እግሯን መሬት ላይ እንዳሳረፈች ደርቆ ይቀራል። ከመደርደሪያዬ ለመፈተሻ የማስቀምጠውን 1050 አውጥቼ ተካሁበትና ያንኑ ቦታ ደግሜ አጫወትሁት። ሙሽራዋ ወርዳ ቀሚሷን ሰብስባ ሄደች። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ የሦስት ሰርግ ሥራ ውዝፍ ነበረበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጎተራው ሰፊ፣ ወፍጮውም ደኅና ነው እንበል፤ ከጎተራ ወደ ወፍጮ እህል የሚያመላልሰው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎተራውን በእጥፍ ብታሰፉት ዱቄቱ ቶሎ ይደርሳል? አይደርስም፤ ወፍጮው ባዶውን ይሽከረከራል። ጊጋ የሚነግራችሁ የጎተራውን ስፋት ብቻ ነው። የአመላላሹ ፍጥነት የሚታወቀው ከሚሞሪው ዓይነትና ከመስመሩ ስፋት ነው። የዚያ ልጅ ጂቲ 730 ሚሞሪው ዲዲአር 3፣ መስመሩም 64 ቢት ስለሆነ በሰከንድ 14.4 ጊጋባይት ብቻ ያመላልሳል። ጂቲኤክስ 1050 በጂዲዲአር 5 እና በ128 ቢት መስመር 112 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ስምንት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ወፍጮውም ቢሆን አይተካከልም፤ በ2014 የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 730 ያለው 384 ኮር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠሩ ክፍሎች፣ ሲሆን በ2016 የወጣው 1050 640 አለው። በዚያ ላይ ብዙ አዳዲስ ካሜራዎች የሚቀርጹበትን ኤችኢቪሲ የተባለ የቪዲዮ አጨማመቅ 1050 ራሱ ይፈታዋል፣ 730 ግን አይችልም። እነዚህ ሁሉ ልዩነቶች ካርቶኑ ላይ ባለው «4» ስር ተሸፍነው ነው የተሸጡለት።

ጊጋ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሥራው ጎተራው ውስጥ አልገባ ሲል የተረፈው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ፈጣኑም ካርድ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ባለ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 በጌም ከባለ 8 ጊጋው 3060 ቲአይ በግልጽ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ሥዕል ፕሮግራም ከባድ ሕንፃ ለሚሠራ ሰው ሊሻል ይችላል። መጀመሪያ ሥራችሁን ንገሩኝ የምለው ለዚህ ነው።

«ስሙ አንድ ከሆነ ካርዱም አንድ ነው» የሚለውም ያናድደኛል። ጂቲ 1030 በ2017 ሲወጣ ሚሞሪው ጂዲዲአር 5 ነበር፣ በሰከንድ 48 ጊጋባይት የሚያመላልስ። በ2018 በዚያው ስም ዲዲአር 4 የተገጠመለት መጣ፤ ፍጥነቱ ወደ 17 ገደማ ወረደ። የጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋም የሚለያዩት በሚሞሪ ብቻ ይመስላል፤ አንዱ 1152፣ ሌላው 1280 ኮር ነው ያለው።

«ቁጥሩ የበለጠው ይበልጣል» ይላሉ። የ2015ቱ ጂቲኤክስ 960 የ2017ቱን ጂቲ 1030 በሰፊው ይበልጠዋል፤ የፊተኛው ቁጥር ትውልድን፣ የኋለኛው ደረጃን ነው የሚነግረው።

«ኮሩ የበዛው ያሸንፋል» የሚሠራው በአንድ ትውልድ ውስጥ ብቻ ነው። 2048 ኮር ያለው ጂቲኤክስ 980፣ 2880 ያለውን 780 ቲአይ ይቀድማል።

«የላፕቶፑም የዴስክቶፑም አርቲኤክስ 4090 ያው ነው» ለሚለኝ፦ የዴስክቶፑ 16,384 ኮር፣ የላፕቶፑ 9,728 ነው።

«ካርድ ቀየርሁ፣ ምንም ለውጥ የለውም» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ እዞራለሁ። የሞኒተሩ ኬብል ካርዱ ላይ ሳይሆን ላይኛው የማዘርቦርድ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ የማገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ካርዱ ሥራ ሳይነካ ተቀምጧል፤ እርሱ ግን ሁለት ካርድ አወዳድሬያለሁ ብሎ ያምናል።

የአገራችንን አንድ እምነት ደግሞ ልጨምር፦ «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ካርድ አይግልም።» ብርዱ ያግዛል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። አቧራ የዘጋው ካርድ እዚህም ይግላል፣ ሲግልም ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱን ካርድ ጠዋት እዚህ፣ ሌላውን በቀትር ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ፈትኖ «ይህ ይበልጣል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ካርዶች በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓይነት ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር)፣ የራሱን ሥራ ከፍቶ ይፈትናቸው። የኮምፒውተሩ ክዳን ይዘጋ፤ ተከፍቶ የተፈተነ ካርድ ቤት ሲገባ ሌላ ነው። ግማሽ ሰዓት ይሥራ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ገና ያልሞቀ ካርድ ነው የሚያሳዩት። በጌም ከሆነ አማካዩን የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) ብቻ አትመልከቱ፤ ዓይን የሚያስተውለው መንተፋተፍ ያለው ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩንም እዩ፦ 1050 በ75 ዋት ከማዘርቦርዱ ብቻ ይመገባል፣ 185 ዋት የሚበላ አርኤክስ 580 ግን ከቢሮ በወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊቆም አይችልም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ካርዱን ሰክቶ ጂፒዩ-ዜድ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈትላችሁ። የሚሞሪውን ዓይነት፣ የመስመሩን ቢት፣ የሚያመላልሰውን መጠን አንብቡ። ጂቲኤስ 450ን የመሰለ አሮጌ ካርድ ስሙ በሶፍትዌር ተቀይሮ «1050 ቲአይ» ተብሎ የሚሸጥበት ማጭበርበር አለ፤ ፕሮግራሙ ብዙዎቹን ለይቶ ሐሰተኛ መሆናቸውን በግልጽ ይጽፋል። እኔንም ለማማከር ፎቶ ስታመጡ የካርቶኑን ተዉትና የዚህን ገጽ ፎቶ አምጡልኝ።