ገና ምንድን ነው? ለምንስ አንዳንዴ በ28 ይውላል?

ገና የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ነው። ታኅሣሥ 29 እንደሚከበር ሁሉም ያውቃል። በየአራት ዓመቱ ወደ 28 ሲመጣ ግን «ዘንድሮ ምን ሆኖ ነው?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። መልሱን ማወቅ ጥሩ ነው፤ የበዓሉም ትርጉም እዚያው ውስጥ አለ።

ቤተ ክርስቲያን የምትቆጥረው የእርግዝናውን ቀን ነው። መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠረው፣ ጌታም የተፀነሰው መጋቢት 29 ነው። ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠራል። ወሩ ሁሉ 30፣ 30 ስለሆነ ዘጠኙ ወር 270 ቀን ይሆናል። አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ሲጨመሩ 275 ይሞላና ታኅሣሥ 29 ላይ ይደረሳል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን መሐል ላይ አንድ ቀን ይገባል። ያኔ 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል። ይህ የሚሆነው ጳጉሜን ስድስት ከምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ነው። በ2016 እንዲህ ነበር፤ በ2020ም ይሆናል።

ይህን ቆጠራ በጣም እወደዋለሁ። ዓለምን የፈጠረ አምላክ እንደ ማንኛውም ሕፃን ቀኑ እስኪሞላ በእናቱ ማኅፀን ቆየ ማለት ነው። ከላይ ያለው ወደ ታች ወረደ። የገና ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ከበዓሉ በፊት ጾመ ነቢያት አለ። ኅዳር 15 ይገባል። ነቢያት «ይወርዳል፣ ይወለዳል» እያሉ የጠበቁትን ዘመን ለማሰብ ነው። በዋዜማው ሌሊት ካህናቱ ማኅሌት ቆመው ያድራሉ፣ ምእመናን ነጭ ለብሰው ጧፍ ያበራሉ። ጾሙ የሚገደፈው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ዶሮው እየተሠራ ነው። ባለሙያ የሆነች እናት ወጡን ሳትቀምስ በሽታው ብቻ ጨውና በርበሬውን ታውቃለች። ይህ ሙያ ተገቢው ምስጋና ተሰጥቶት አያውቅም።

ገናን በሙሉ ክብሩ ማየት የፈለገ ላሊበላ ይሂድ። ታኅሣሥ 29 የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ስለሆነ በዓሉ ድርብ ነው። ብዙዎች ቀናት በእግራቸው ተጉዘው ይደርሳሉ። የከተማው ሰዎች ውሃ አቅርበው የእንግዶቹን እግር ያጥባሉ። ጠዋት ላይ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ይዘመራል። ከካህናቱ ግማሾቹ በዙሪያው ካለው አለት አናት ላይ ይቆማሉ፣ ግማሾቹ ከታች ከቅጥሩ ውስጥ። መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ በከበሮው እየተወዛወዙ፣ እየተቀባበሉ ያዜማሉ። የላዮቹ የመላእክት ምሳሌ ናቸው፣ የታቾቹ የእረኞች። በቤተልሔም ሌሊት መላእክትና እረኞች በአንድ ላይ አመሰገኑ የሚባለውን በዓይን የሚያሳይ ሥርዓት ነው። ሰማይና ምድር እርስ በርስ ሲመላለሱ ትሰማለህ። እኔ ከዚህ የተሻለ የልደት ስብከት አላውቅም።

ያው ከላይ ወደ ታች የመውረድ ሐሳብ ሜዳ ላይም ይታያል። ታኅሣሥ አዝመራው የተሰበሰበበት ጊዜ ነውና ማሳው ለገና ጨዋታ ክፍት ነው። ወንዶቹ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው ለሁለት ይከፈላሉ። ሩር የምትባለውን ኳስ እያጎኑ ወደ ተጋጣሚው ክልል ለማስገባት ይታገላሉ። አንዳንዴ መንደር ከመንደር፣ አንዳንዴ ያገባ ካላገባ ይገጥማል። እረኞቹ የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ፤ ጨዋታው ከዚያ መጣ ይባላል። ዋናው ነገር ግን በዚያ ቀን ማዕረግ አለመኖሩ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢነካው፣ በግጥም ቢሸነቁጠው ቂም የለም። አሁን አሁን የከተማ ልጆች የገና ዛፉንና መብራቱን እንጂ ይህን ጨዋታ አለማወቃቸው ያሳዝነኛል። ዛፉ አይጠላም፤ ቤቱን ያደምቃል። ግን ዱላው መረሳት የለበትም።

ፈረንጆቹ ታኅሣሥ ውስጥ በዲሴምበር 25 ማክበራቸው ልጆችን ያደናግራል። የ13 ቀን ልዩነት የመጣው ከቀመሩ ነው። በ1582 እ.ኤ.አ. ምዕራባውያን የቀን መቁጠሪያቸውን ሲያስተካክሉ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በቀድሞው ቀጠሉ። ግብፆችና ሩሲያውያንም ከእኛ ጋር በጃንዋሪ 7 ያከብራሉ። አሜሪካ ላለ ሐበሻ ይህ ቀን ብዙ ጊዜ የሥራ ቀን ነው። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ ዶሮውን ቀምሶ በቀጥታ ወደ ሥራ የሚሄድ ብዙ ነው። አቅሙ ያለው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ልጆቹንም ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ቢያስቀር ደግ አደረገ።