መደብና ነጻ አቀራረጽ፦ በምናባዊ የሚና ጨዋታዎች የገጸ ባሕርይ አሠራር

ፋንታሲ በሚባለው የምናብ ዓለም ውስጥ የሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች ተጫዋቹ የሚመራውን ገጸ ባሕርይ አስቀድሞ እንዲቀርጽ ይጠይቁታል። ለዚህም በዋነኛነት ሁለት መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው ተጫዋቹ እንደ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ካህን ወይም ሌባ ካሉት መደቦች፣ በተጫዋቾች አነጋገር ከክላሶቹ፣ አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠው መደብም የሚይዘውን መሣሪያ፣ የሚለብሰውን ጥሩርና የሚማረውን ጥበብ ይወስንለታል። በሁለተኛው መደብ የሚባል ነገር የለም፤ ተጫዋቹ ክህሎቶችን አንድ በአንድ ያጠራቅማል፣ ሰይፍና አስማትም በአንድ ሰው እጅ ሊገኙ ይችላሉ። ሁለቱን የእስርና የነጻነት ያህል አራርቆ ማየት የተለመደ ቢሆንም፣ የጨዋታዎቹን ታሪክ በጥሞና የተከታተለ ሰው ገደብ ከየትኛውም እንዳልጠፋና ቦታውን ብቻ እየለዋወጠ እንደኖረ ይረዳል።

የመደብ ሥር ያለው በጦርነት ጨዋታ ውስጥ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ያሳተሙት ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተወለደው ጠረጴዛ ላይ በተደረደሩ ትንንሽ የወታደር ቅርጾች ከሚካሄዱ የጦር ሜዳ ፍልሚያዎች ሲሆን፣ በእነዚያ ፍልሚያዎች እግረኛው፣ ፈረሰኛውና ቀስተኛው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ብርታትና ድካም ነበራቸው። አዲሱ ጨዋታ ትኩረቱን ከሠራዊት ወደ አንድ ሰው ሲያዞር ይህ ልማድ አብሮት መጣ። በመጀመሪያው እትም የነበሩት መደቦች ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ብቻ ነበሩ። ተዋጊው የፈለገውን መሣሪያ ይይዛል፤ አስማተኛው ከጩቤ ሌላ አይፈቀድለትም፣ ጥሩርም አይለብስም፤ ካህኑ ጥሩር ይለብሳል እንጂ ስለት ያለው መሣሪያ አይነካም። ክልከላው የተዋጊውን ድርሻም ይጠብቅ ነበር። አስማተኛው ደረጃው፣ ማለትም ከልምድ ጋር የሚጨምረው የኃይሉ መለኪያ፣ ባደገ ቁጥር እጅግ ኃያል ስለሚሆን፣ ድግምት ያለባቸው ሰይፎች የተዋጊው ብቻ ባይሆኑ ኖሮ ሰይፈኛ የሚሆንበት ምክንያት ይጠፋ ነበር።

ሰው ባልሆኑት ዘሮች ላይ የተጣለው ገደብ ከዚህም የጠበቀ ነበር። ድዋርፍ የተባለው አጭርና ጠንካራ ፍጡር ከተዋጊነት ሌላ ምርጫ አልነበረውም፣ ከ6ኛ ደረጃም አያልፍም፤ ሃፍሊንግ የተባለው ትንሽዬ ፍጡር በ4ኛ ደረጃ ይቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የጀማሪዎች እትም ደግሞ ድዋርፍ፣ ኤልፍ (ሰው መሰሉ የጫካ ፍጡር) ወይም ሃፍሊንግ መሆን ራሱ መደብ ሆነ። የዚህ ሁሉ ዓላማ የምናቡ ዓለም በሰው ልጅ ዙሪያ እንዲያጠነጥን ማድረግ ነበር።

መደብ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሣ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1975 በተጨማሪ መጽሐፍ የገባው ሌባ ነው። ከዚያ በፊት ጥላ ውስጥ ተሸሽጎ ማለፍ ወይም ግድግዳ መውጣት የፈለገ ሁሉ አደራረጉን ታሪኩን ለሚተርከውና ለሚዳኘው የጨዋታው መሪ ይገልጻል፣ መሪውም አመዛዝኖ ይፈርዳል። ሌባው ለመደበቅ፣ ለመውጣትና ቁልፍ ለመክፈት በመቶኛ የተለካ ዕድል ይዞ ሲመጣ ግን፣ ብዙዎች ይህን ያነበቡት ሌሎቹ ሊሞክሩት እንደማይችሉ አድርገው ነው። መጽሐፉ ከማንም ምንም ወሰድኩ ሳይል ከሦስቱም ወሰደ። በእኔ እምነት በመደብ ላይ ከቀረቡት ነቀፌታዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህኛው ነው፤ አዲስ መደብ በተጨመረ ቁጥር ትናንት የሁሉም የነበረ አንድ ነገር የአንዱ ብቻ ይሆናል።

ነገር ግን ይኸው አጥር በረከትም አለው፣ እሱም የሚታየው በቡድን ውስጥ ነው። አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲቀመጡ እያንዳንዱ ያለ እሱ የማይሆንበት ጊዜ እንዲኖረው ይፈልጋል፤ መደብም ይህን ቦታ ያስከብርለታል። አዲስ መጤም ወፍራም መጽሐፍ ሳያገላብጥ «እኔ ካህን ነኝ» ብሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጫወት ይጀምራል። መደብን አጥብቀው የሚነቅፉ ሰዎች ይህን ሁለተኛ ጥቅም አቅልለው ማለፋቸው ተገቢ አይመስለኝም።

ከመደብ የወጣው ዋነኛ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1978 ኬኦሲየም ያሳተመው ሩንክዌስት ነው። ስቲቭ ፔሪንና ባልደረቦቻቸው መደብንም የደረጃ መሰላልንም አስቀርተው እያንዳንዱን ክህሎት በመቶኛ ለኩት። የሰይፍ ክህሎቱ 45 የሆነ ሰው ከ1 እስከ 100 በሚጣለው የዳይስ ዕጣ ቁጥሩ ከ45 ሳይበልጥ ሲወጣለት ይሳካለታል። የተሳካለትን ክህሎት ምልክት ያደርግበታል፤ ጀብዱው ሲያበቃ እንደገና ዕጣ ይጥላል፣ አሁን ግን ክህሎቱ የሚያድገው ከያዘው ቁጥር በላይ ካወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ቶሎ ቶሎ ይማራል፣ የተካነው ደግሞ ለእያንዳንዷ እርምጃ ይለፋል። አስማትም የሁሉም ነበር፤ ገበሬውም ወታደሩም ጥቂት ጥቂት ያውቁታል።

በዚህ ጨዋታ ገደቡ ከመጽሐፉ ሕግ ወጥቶ ወደ ዓለሙ እምነት ገባ። ግሬግ ስታፎርድ በፈጠሩት የግሎራንታ ዓለም ገጸ ባሕርይ የሚጠነክረው ለአንድ አምላክ በመገዛት ነው፣ መገዛቱም ግዴታ አለው። የሞት አምላክ የሆነውን ሁማክትን የሚያገለግል ሰይፈኛ፣ ሌሎች በአስማት ከሞት ሲነሡ እሱ ያንን ይተዋል። ይህ ከካህኑ የስለት ክልከላ ቢከብድ እንጂ አይቀልም፤ ቢሆንም ተጫዋቹ ለምን ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ከራሱ ከገጸ ባሕርዩ አንደበት ነው። እኔ ከማውቃቸው ገደቦች ሁሉ የተዋጣለት ይህ ነው።

ሌላው የነጻነት መንገድ በነጥብ መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ቻምፒየንስ እና ስቲቭ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ገርፕስ ለተጫዋቹ የነጥብ በጀት ይሰጡታል፤ በገርፕስ የተለመደው መነሻ 100 ነጥብ ነበር። ጉልበትም ሆነ ብልሃት፣ ቋንቋም ሆነ አስማት ዋጋ አለው፤ ፍርሃትን ወይም የአካል ጉድለትን የተቀበለ ሰው ደግሞ ተመላሽ ነጥብ ያገኛል። እዚህ ገደቡ በጀቱ ነው። ችግሩ ዋጋዎቹ ፈጽሞ ትክክል ሊሆኑ አለመቻላቸው ነው፤ ርካሽና ጠቃሚ የሆነውን ቅንብር የደረሰበት ሰው ዝርዝሩን ካላጠናው ጓደኛው እጅግ ይርቃል።

በኮምፒውተር ላይ ይህ ዝንባሌ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው አልቲማ ኦንላይን መደብ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ክህሎት እስከ 100፣ ድምሩ እስከ 700 ያድጋል። በሺህ የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ግን አስማትን ከከባድ መሣሪያ ጋር ያጣመረውን «ታንክ ሜጅ» የተባለ ቅንብር ደጋግመው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስካይሪምም የቀድሞዎቹን የኤልደር ስክሮልስ ጨዋታዎች መደብ ትቶ 18 ክህሎቶችን በአጠቃቀም የሚያድጉ ሲያደርጋቸው፣ ስንቱ በጦረኛነት ጀምሮ ተደብቆ በሚወነጭፍ ቀስተኛነት እንደጨረሰ በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተቃራኒው ዘጠኝ መደቦችን ይዞ መጣ፤ የጠላትን ምት የሚቀበል፣ የሚፈውስና የሚያጠቃ በአንድ ላይ ካልተሰባሰቡ ትልልቆቹ ፍልሚያዎች አይገፉም ነበር።

ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ክልከላን ወደ ዋጋ ለወጠ። የዘር ገደቦች ተነሡ፤ ተጫዋቹ ደረጃ ባደገ ቁጥር ሌላ መደብ ማከል ቻለ። አስማተኛው ሙሉ የብረት ጥሩር መልበስ ይፈቀድለታል፣ ሆኖም ድግምቱ 35 ከመቶ የመክሸፍ ዕድል ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም መደብ መቀላቀል በአማራጭ ሕግነት ተቀመጠ። በዚሁ እትም ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኮምፒውተር ጨዋታ ባልደርስ ጌት 3 ደግሞ፣ በተጓዦቹ የማረፊያ ሰፈር ውስጥ ለሚገኝ አንድ ገጸ ባሕርይ 100 ወርቅ የከፈለ ተጫዋች መደቡን ከሥሩ እንዲቀይር ይፈቅዳል። ለአንድ ሰው መደብ እንዲህ ቀላል ሆኗል፤ ለጉዞ የሚወጣው ቡድን ግን በተለመደው አሠራር ከአራት ሰው ስለማይበልጥ፣ አንዱ ፈዋሽነቱን ሲተው ያንን ሸክም ማን እንደሚይዝ ተጫዋቹ ከመክፈሉ በፊት ማሰብ አለበት።