ሎተስ ኤሊዝን ፈታትቶ እንደ አዲስ መገንባት

ሎተስ ኤሊዝ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። ከ1996 እስከ 2021 በእንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ ሄቴል በሚባል ቦታ ስትመረት ቆይታለች (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፋብሪካው ያለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ በነበረ መሬት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኤሊዞች አሁን ወደ ሠላሳ ዓመት ተጠግተዋል። ስለዚህ በብሪታንያ ዋና ሥራቸውን ኤሊዝ ያደረጉ ጋራዦች አሉ። መኪናዋን ሁሉን ነገር እስከሚሸከመው አጽሟ፣ እስከ ባዶ ሻንሲዋ ድረስ ይፈታታሉ። ያረጀውን ይቀይራሉ። ብዙ ጊዜም ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበረችው የተሻለች አድርገው ይገጥሟታል።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከክብደት ነው። የመጀመሪያዋ ኤሊዝ ወደ 725 ኪሎ ግራም ብቻ ትመዝን ነበር። ሞተሯ ሮቨር የሠራው ባለ 1.8 ሊትር ኬ ሲሪስ ሲሆን 118 የፈረስ ጉልበት አለው። ለስፖርት መኪና ይህ ትንሽ ይመስላል። የሚጎትተው ሸክም ግን ቀላል ስለሆነ መኪናዋ ፈጣን ናት። ቶሎ ትቆማለች፣ መሪ ስትነካ ወዲያው ትታጠፋለች። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በዚሁ እምነት ነበር። እሱ ያረፈው በ1982 ቢሆንም ኤሊዝ የሄደችበት መንገድ የእሱ ነው። ስሟን ግን ያገኘችው በወቅቱ የኩባንያው ሊቀ መንበር ከነበረው ከሮማኖ አርቲዮሊ የልጅ ልጅ፣ ከኤሊሳ ነው።

ስለዚህ ኤሊዝን የሚያድስ መካኒክ በየዕቃው ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ይህ ነገር መኪናዋን ያከብዳታል ወይ? ጥሩውን ጋራዥ ከተራው የምለየው በዚህ ጥያቄ ነው። ጉልበት መጨመር ብዙ ሰው ይችላል። ኪሎ ሳይጨምሩ ማሻሻል ግን ትዕግሥትና ዕውቀት ይፈልጋል።

ዋናው ነገር ሻንሲው ነው። ክብደቱ 68 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከረጃጅም የአሉሚኒየም ቁራጮች የተገጣጠመ ሲሆን፣ ቁራጮቹ የተያያዙት በብየዳ ሳይሆን በኢፖክሲ ማጣበቂያ ነው። መጋጠሚያዎቹ እንዳይላቀቁ በየቦታው የብረት ማያያዣ ተጨምሮላቸዋል። ይህ አሠራር ሻንሲውን ቀላልና ጠንካራ አድርጎታል። ለጥገና ግን አይመችም። ብየዳ የሚፈጥረው ሙቀት ማጣበቂያውን ያበላሻል፣ አሉሚኒየሙንም ያዳክማል። በአደጋ የተጣመመ ሻንሲ ብዙ ጊዜ ይቀየራል እንጂ አይቃናም። ከፊት ያለው ግጭት ተቀባይ ክፍል ከፋይበርግላስ የተሠራ ስለሆነ ለብቻው ሊተካ ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ጋራዥ ሥራውን ከሞተሩ የማይጀምረው። መኪናዋን ወደ ላይ ያነሳና ከሥር ያሉትን የአሉሚኒየም መሸፈኛዎች አውርዶ ሻንሲውን ስፌት በስፌት ይመለከታል። ሻንሲው ጤነኛ ካልሆነ ለሌላው የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው።

አካሏ ሁለት ትልልቅ የፋይበርግላስ ሽፋኖች አሉት፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ። ራዲያተሩ ያለው ከፊተኛው ሽፋን ሥር ነው። እሱን ለመቀየር የመኪናዋ ፊት በሙሉ መነሳት አለበት። ስለዚህ ሽፋኑ አንዴ ከተነሳ እዚያ አካባቢ ያረጀ ነገር ሁሉ አብሮ ቢታደስ ይሻላል። ከፋብሪካ የመጣው ራዲያተር ጫፎቹ ፕላስቲክ ናቸው። ብዙዎች ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም በተሠራ ይቀይሩታል።

ብሎን መፍታት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የእንግሊዝ መንገዶች በክረምት ጨው ይበተንባቸዋል። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ጨዋማ ውሃ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ብሎኑም ተጣብቆ ይቀራል። በሌላ መኪና ላይ የተጣበቀ ብሎን በእሳት ይሞቅና ይፈታል። እዚህ ግን ከሥሩ ማጣበቂያ አለ፣ እሳት እንደ ልብ አይጠጋም። ቀስ ብሎ ማላላት ወይም ብሎኑን ሰርስሮ አውጥቶ አዲስ ጥርስ ማስገባት ያስፈልጋል። ሰዓቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ደንበኞች ሒሳቡን ሲያዩ የሚገረሙትም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፣ በዓይን አይታይማ።

የኬ ሲሪስን ሞተር ስም ያጠፋው አንድ ነገር የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍል (ቴስታታ) እና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ ነው። ሞተሩ የተነባበሩ የአሉሚኒየም ክፍሎችን ከላይ እስከ ታች በሚያልፉ ረጃጅም ብሎኖች አጥብቆ የተሠራ ነው። ቀላልነቱ የመጣው ከዚህ ነው። የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው። እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ደግሞ ውሃ ወደ ሞተሩ በሚገባበት በኩል ስላለ፣ ሲከፈት ከራዲያተሩ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ በድንገት ይገባል። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች ከብሎኩ ከፍታ ትንሽ ዝቅ ካሉም ጋስኬቱ በደንብ አይጨበጥም። ቀደም ባሉት ሞተሮች ላይ ቴስታታውን ቦታ የሚያስይዙት ካስማዎች ፕላስቲክ ነበሩ። መፍትሔው በደንብ ይታወቃል። የሲሊንደሮቹ ከፍታ አንድ በአንድ ይለካል። ቴስታታው ይላጋል። ከብዙ የብረት ንጣፎች የተሠራ ጋስኬት፣ የብረት ካስማና አዲስ ብሎኖች ይገባሉ። ቴርሞስታቱም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ሞተሩ ከመቀመጫዎቹ ኋላ፣ ራዲያተሩ ደግሞ ከፊት ስለሆነ ቱቦዎቹ ረጅም ናቸው። ውስጣቸው አየር ከቀረ ያ ሁሉ ሥራ በአንድ ጉዞ ገደል ይገባል። እንደዚህ ተደርጎ የተሠራ ኬ ሲሪስ የሚታመን ሞተር ነው፤ ስሙ ከሚገባው በላይ ጠፍቷል ባይ ነኝ።

ሞተሩን ጨርሶ መቀየርም የተለመደ ነው። ሎተስ ራሱ በ2004 ባለ 189 የፈረስ ጉልበት የቶዮታ ሞተር ወደ ኤሊዝ አስገብቷል። በጋራዦች ዘንድ በጣም የሚወደደው ግን ሲቪክ ታይፕ አር ከምትባለው የሆንዳ መኪና የሚመጣው ኬ20 ሞተር ነው። ወደ 200 የፈረስ ጉልበት አለው፣ በደቂቃ እስከ 8,000 ዙር ገደማም ይዞራል። ሥራው ሞተር አውጥቶ ሞተር ማስገባት ብቻ አይደለም። የሞተሩ መያዣ፣ ካምቢዮው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ማርሚታውና የማቀዝቀዣ ቱቦው ሁሉ አብረው ይቀየራሉ። በብሪታንያ ሞተር የቀየረ ሰው ለመንጃ ፈቃድና ተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ለኢንሹራንሱም እንዲሁ።

ለእኔ ግን ከሞተሩ በፊት ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክፍል (ሰስፔንሽን) እና ፍሬኑ ይቀድማሉ። ጎማዎቹን የሚይዙት የብረት ክንዶች (ብራቾዎች) ዝገታቸው ተጠርጎ ይቀባሉ፣ በመጋጠሚያቸው ያሉት የደረቁ የላስቲክ ቦኮላዎች ይቀየራሉ፣ ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር ከደከመ በሚስተካከል ይተካል። የኋላ ጎማን አቅጣጫ የሚይዘው ዘንግ በተለይ ለውድድር ሜዳ ለሚነዳ ሰው ችላ አይባልም። መጋጠሚያው ከተሰበረ ጎማው ወደፈለገበት ይዞራል። ጠንከር ያለ መተኪያ በብዙ ጋራዥ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ኤሊዞች የፍሬን ዲስካቸው በሴራሚክ ቅንጣት ከተጠናከረ አሉሚኒየም ነበር። ኋላ ላይ በብረት ተተካ፣ ዛሬም የሚገጠመው በአብዛኛው ብረቱ ነው።

ሁሉም ሲገጠም መኪናዋ በአራት ሚዛኖች ላይ ትቆማለች። በሾፌሩ ወንበር ላይ የሾፌሩን ያህል ክብደት ይቀመጣል። የሞላዎቹ ከፍታ በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ላይና ወደ ታች እየተደረገ ሸክሙ በጎማዎቹ መካከል ይመጣጠናል። ከዚያ የጎማዎቹ ዘንበልታና አቅጣጫ ይስተካከላል። በቀላል መኪና ላይ ትንሽ ስህተት እንኳ በመሪው ላይ ወዲያው ይሰማል፤ መሪዋ ምንም የኃይል እገዛ የለውም።

ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ኤሊዟ ወደ ጋራዡ ትመለሳለች። አዲሶቹ ሞላዎችና ቦኮላዎች ቦታቸውን ስለሚይዙ ልኬቱ እንደገና ይወሰዳል። የውሃው መጠን ይታያል፣ ብሎኖቹም በመለኪያ ቁልፍ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ።