«ፕላስቲክ ስለሆነ ነው የከሸፈው» ለምትሉኝ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የፋይበር ግላስ ጀልባ እሠራለሁ፣ እጠግናለሁ። የሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ የቢችክራፍት ስታርሺፕን ፎቶ ለጥፌያለሁ። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ የቢዝነስ አውሮፕላን ነው፤ አካሉ ከሞላ ጎደል ካርቦን ፋይበር (በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር) ነው። ጀልባ ይዞ የመጣ ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና አስተያየት ይሰጣል። አብዛኛው ስህተት ነው።

«ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚበረው?» አይደለም። ትንሿ ክንፍ ከፊት፣ ትልቁ ከኋላ ነው። ፕሮፔለሮቹም ከኋላ ሆነው ይገፉታል።

«ጄት ነው።» አይደለም። ሁለት ቱርቦፕሮፕ፣ ማለትም ፕሮፔለር የሚያዞር ተርባይን ሞተር ነው ያለው።

«በዚች የፊት ክንፍ ይወድቃል።» ጭራሽ! ፍጥነት ከመጠን በላይ ሲቀንስ ቀድማ የምትደክመው እሷ ናት። ያኔ አፍንጫው ዝቅ ይላል፣ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ትልቁ ክንፍ መሸከሙን አያቆምም። የተሠራችው ለዚሁ ነው።

ደሜን የሚያፈላው ግን ይሄኛው ነው፦ «ፕላስቲክ ስለሆነ ነው የከሸፈው።»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሠሪው ቢችክራፍት ከአውሮፕላን ነዳፊው ከበርት ሩታን ኩባንያ ጋር ሆኖ ነደፈው። መጠኑ የሙሉው 85 በመቶ የሆነው የሙከራ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1983፣ ሙሉው ደግሞ በ1986 በረረ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ አውሮፕላን መዝኖ ስለማያውቅ ጥንቃቄ አበዛ። ጥንካሬ ሲጨመር ክብደት ተጨመረ። ከ5,670 ኪሎ በታች እንዲሆን የታሰበው ከ6,500 ኪሎ በላይ ሆኖ ወጣ። ፈቃዱን ያገኘው በ1988 ነው። ያኔ በእሱ ዋጋ ከእሱ የሚፈጥን ጄት መግዛት ይቻል ነበር። ገዢው ምን ይምረጥ? ምርቱ በ1995 ሲቆም የተሠሩት 53 ብቻ ነበሩ። የጎዱት ክብደት፣ ዋጋና ፍጥነት ናቸው። ካርቦኑማ ችሏል። የእኛ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ድሪምላይነርም በክብደት ግማሹ ያህል ከዚሁ ዓይነት ቁስ ነው። ተሳፍራችሁበታል እኮ!

ባለፈው ክረምት ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ መጣልኝ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ፋይበር የምትሉት ዕቃ አይረባም፤ እንጨቱ ይሻለን ነበር» አሉኝ። ከሥር የተለጠፈውን ጥገና ጫፉን በቢላ ነካሁት። እንደ በሰለ እንጀራ ተነሳ። የነበረው ቀለም እንዳለ ነው፣ ሥሩ ርጥብ ነው። የጠገነው ሰው ሳይሞርድ፣ ሳያደርቅ ነው ሬዚን (ሙጫውን) የቀባበት። ታዲያ ጥፋቱ የፋይበሩ ነው? «ጋሼ፣ የሠሪው ነው» አልኳቸው፤ ቆርጬም አሳየኋቸው።

ጀልባ ያላችሁ ስሙኝ። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ የመስታወቱ ክር እስኪታይ ይሞረድ። ክረምት ከሆነ ጀልባው መጠለያ ገብቶ በደንብ ይድረቅ፤ «ፀሐይ ነካው» አይበቃም። ሃርድነር (ሬዚኑን የሚያጠነክረው) በዓይን አይገመትም፣ ይለካል። ሲበዛ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ አይደርቅም። ተሠርቶ ሲያልቅ ሳንቲም ይዛችሁ ጥገናውን ከዳር እስከ ዳር አንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ይዟል። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተላቋል፤ ገንዘብ አትክፈሉ። የአውሮፕላን ቴክኒሻኖችም በዚህ መንገድ ይፈትሻሉ።

አንድ ቀረችኝ፦ «ስታርሺፕ ሁሉም ተቃጥሎ አልቋል።» የቢችክራፍት ባለቤት የነበረው ሬይተን እ.ኤ.አ. በ2003 መልሶ እየገዛ ማስወገድ መጀመሩ እውነት ነው፤ ለጥቂት አውሮፕላን መለዋወጫና ድጋፍ ማቅረብ አያዋጣኝም ብሎ። አውሮፕላኑን ከገዙት አንዳንዶቹ ግን አንሸጥም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስፔስሺፕዋን የተባለው የግል መንኮራኩር ወደ ጠፈር ሲወጣ በቅርብ ካጀቡት አውሮፕላኖች አንዱ ስታርሺፕ ነበር።