«የሙታን መጽሐፍ» ምንድን ነው?

«የሙታን መጽሐፍ የጥንት ግብፃውያን መጽሐፍ ቅዱስ ነው» ሲባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ አስረግጦ ሲናገረው ዝም ማለት አቃተኝ።

ስሙን ያወጡት ግብፃውያን አይደሉም። ጀርመናዊው ሊቅ ሌፕሲዩስ በጣሊያን ቱሪን የሚገኘውን ፓፒረስ (የደንገል ወረቀት ጥቅልል) በ1842 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም የሰጠው ነው። ባለቤቶቹ «በቀን የመውጫ ቃሎች» ነበር የሚሉት፤ ሟቹ በቀን ከመቃብሩ ወጥቶ ፀሐይ እንዲያይ። («ድግምት» ብለን ባንተረጉመው እመርጣለሁ። የግብፁ ቃል በአፍ ሥዕል የሚጻፍ፣ «ንግግር» ማለት ነው፤ የእኛው ቃል ክፉ ስም አለው።)

ነገሩ ለወዲያኛው ዓለም ጉዞ ከሟቹ ጋር የሚቀበር የጽሑፍ ስንቅ ነው። መንገደኛ እንደ አቅሙና እንደ መንገዱ አንዱ በሶ፣ አንዱ ዳቦ ቆሎ ይቋጥራል። የግብፅ ባለጸጋም ወደ 200 ከሚጠጉ ቃሎች የሚሻውን አስመርጦ ያስጽፍ ነበር፤ ሁሉንም የያዘ ጥቅልል አልተገኘም። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ስንቅም ነበር፤ የሟቹ ስም ቦታ ባዶ ይተውና ገዢ ሲመጣ ይሞላል። ለንደን በሚገኘው፣ አኒ በተባለ ሟች ስም በሚጠራው ፓፒረስ እንኳ፣ 24 ሜትር ያህል በሚረዝመው፣ ስሙ በኋላ የገባባቸው ቦታዎች አሉ። የሰው ስንቅ ደግሞ ለአገሬው ሁሉ ሕግ አይሆንም። በእርግጥ አንዳንዱ ቃል «በምድር ላለም ይበጃል» የሚል ማስታወሻ አለው፤ እዚያ ላይ ምሳሌዬ ይጎድላል።

ተንታኙ ምዕራፍ 125ን (ዛሬ እያንዳንዱ ቃል ምዕራፍ ይባላል) ጠቅሶ «አልሰረቅሁም፣ አልገደልሁም» የሚለውን ከዐሥርቱ ትእዛዛት ጋር አስተካከለው። ማን አዘዘ? ሟቹ ነው በ42 ዳኞች ፊት ቆሞ ይህን አላደረግሁም የሚለው፤ ልቡም የእውነትና የፍትሕ አምላክ በሆነችው በማዓት ላባ ትመዘናለች። ምዕራፍ 30 ደግሞ ልብ በባለቤቷ ላይ እንዳትመሰክር የሚለምን ነው፤ ብዙ ጊዜ በጥንዚዛ ቅርጽ በተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ደረት ላይ ይቀመጥ ነበር። ይህ ለችሎት የተዘጋጀ ሰው ጭንቀት ነው እንጂ የሕግ መጽሐፍ አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ስሙ ወደ እኛ መዛመቱ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ባጅ በ1929 እ.ኤ.አ. ከሟች ጋር የሚቀበረውን ልፋፈ ጽድቅን ሲያሳትም «የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ» አለው፤ ዛሬ ያንን ይዘው «ከግብፅ የተቀዳ ነው» የሚሉ አሉ። ከሟች ጋር ጽሑፍ መቅበሩ ይመሳሰላል፤ መቀዳቱን ግን አያሳይም። ልፋፈ ጽድቅ በግዕዝ የተጻፈ የክርስቲያን ጸሎት ነው፤ የሚጠራው የአምላክን ኅቡእ ስሞች፣ የሚማጸነውም በእመቤታችን ስም ነው። የግብፅ አማልክት ኦሲሪስም አኑቢስም በውስጡ የሉም።